ሥር ያለው ጣሪያ

ፍሬሓ ኦሐዮን በሌላ ነገር ትታማ እንደሆነ እንጃ፣ በዝምታ ግን ታምታ አታውቅም። በኔቬ ሱማቅ መንደር ጠዋት መስኮቱን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ዶሮ ሳይሆን ፍሬሓ ከጓሮዋ ጋር ስትከራከር ነው። ቲማቲሙን "ሰነፍ" ትለዋለች። ናናዋን "አንቺ ቀላዋጭ፣ ደግሞ ከሰው መደብ ገባሽ?" ትላታለች። የበለሷን ዛፍ ግን በአክብሮት ነው የምታናግራት፤ አንድ ጊዜ ከላይዋ ወድቃ እጇ ስለተሰበረ ትፈራታለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ የገበሬ፣ ራሷ ላይ የምታስረው ሻሽ በየቀኑ ሌላ ቀለም።

ወደዚህ ኮረብታ የመጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ከአትላስ ተራሮች ሥር ተነሥቶ፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ገሊላ ውስጥ ከድንጋይ በቀር ምንም ከማይታይበት ቦታ አራገፈው። አባቷ ዙሪያውን አየና "መንደሩ የታለ?" ብሎ ሹፌሩን ቢጠይቀው፣ "እናንተው ናችሁ" ብሎት ሞተሩን አስነሣ። ፍሬሓ ይህቺን ወግ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች፤ ሹፌሩም በየዓመቱ እየወፈረ ሄዷል።

ልጅነቷንና ወጣትነቷን የበላው ትምባሆ ነው። ከኮረብታው ግርጌ ባለው ረጅም የድንጋይ ማድረቂያ ቤት ውስጥ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ተደርድራ ቅጠሉን በወስፌ እየሰካች ስታወራ ዋለች፣ ስታወራ አደገች። ስታገባም እንደ አጋጣሚ የመንደሩን ዝምተኛ አገባች። ማኽሉፍ የትራክተር ሹፌር ነበር፤ ቃልን እንደ ነዳጅ የሚቆጥብ። እሷ ለሁለቱም ታወራ ነበር፤ እሱ ለሁለቱም ይሰማ ነበር። አራት ልጆች ወልደው አራቱም በየከተማው ተበተኑ።

የመጀመሪያዋ ልጅ በተወለደች ሳምንት ማኽሉፍ ከኮረብታው ማዶ ካለው፣ ድሩዝ የሚባሉ ሕዝቦች ከሚኖሩበት መንደር ማሳ አርሶ ሲመለስ፣ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለ አንድ የወይን ቁራጭ ይዞ መጣ። "ምንድን ነው?" ስትለው "ወይን" አላት። ለእሱ ይኸ ንግግር ነው። ከኩሽናው በር አጠገብ ተከለው። ሐረጉ ወጣ፣ ምሰሶውን ተጠመጠመ፣ ሽቦውን ያዘ፣ በአሥር ዓመቱ ግቢውን አጠላው። ፍሬው ግን ጎመዘዘ። አፍ የሚያጣምም ጉምዛዜ። ማኽሉፍ በየመከሩ አንዷን ፍሬ ወደ አፉ ይጥልና ፊቱን ሳይለውጥ "ለከርሞ ይጣፍጣል" ይላል። ከርሞም ይመጣል፣ ማኽሉፍም ይቀምሳል፣ "ለከርሞ" ይላል። እንዲህ እያለ አርባ ሁለት መከር ቀምሶ አረፈ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ወይኑ እስከ ዛሬ እንደጎመዘዘ ነው። ፍሬሓ ቅጠሉን በሩዝና በሥጋ እየጠቀለለች ትቀቅለዋለች እንጂ ፍሬውን ለጠላቷም አትሰጥም።

ትምባሆ መትከል ከቀረ በኋላ ማድረቂያው ቤት ለሌሊት ወፍ ተለቆ ኖረ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከሐይፋ ትልልቅ መነጽር ያደረጉ ሰዎች መጡና፣ ቦታውን ከተፈጥሮ ጋር ለሚሠሩ አይሁድ ጥበበኞች ማረፊያ እናድርገው፣ ከዓለም ዙሪያ በየመከሩ ስድስት ስድስቱን ለአርባ ቀን እናምጣ አሉ። በመንደሩ ስብሰባ ላይ አንዱ ሽማግሌ "መልካም፣ ምን ያመርታሉ?" ብሎ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ይሁን እንጂ ቤቱ ተጠገነ፤ ፍሬሓም ቁልፍ ያዥ፣ አትክልተኛና ምሳ አብሳይ ሆና ገባች። ወጣት ሆና ቅጠል ስትሰካ የነበረችበት ወንበር የነበረበት ቦታ አሁን የሴራሚክ ምድጃ ቆሞበታል።

የማረፊያው ሕግ አንድ ነው፤ ከኮረብታው ያልበቀለ፣ ያልወደቀ ወይም ያልተቆፈረ ነገር ለሥራ አይውልም። ከሱቅ የሚፈቀደው ክር ብቻ። በመጀመሪያው ዓመት የመጣው ሰውዬ ጉንዳን ያዳምጥ ነበር። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ በጆሮ ማዳመጫ ሲውል ያየችው ፍሬሓ፣ ጤነኛ ሰው ጉንዳን አያዳምጥም ብላ መንደሩን ሁሉ አሳቀች። በማግሥቱ ግን ወንበር ወስዳለት እሷም ስታዳምጥ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ቢሠራ አትገረምም። ሰዎቹን ትወዳቸዋለች። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ስለሆኑ ዓርብ ማታ ገበታ ላይ የጸሎቱ ዜማ አይገጥምላቸውም፤ የፈረንሳዩ ሲያሳጥር የአሜሪካዋ ታስረዝማለች፣ ፍሬሓ ደግሞ በመሃል የአባቷን ዜማ ከሁሉም ከፍ አድርጋ ታስገባና ያበቃል።

የዘንድሮዎቹ የመጡት በበጋው መጨረሻ ነው። ከእነሱ መሃል ቴልማ ግሪንፌልድ የምትባል ከአርጀንቲና የመጣች ሸማኔ ነበረች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ጣቷ ረጃጅም፣ ዕብራይስጧ ግማሽ። ሙያዋ ሕይወት ያለውን ተክል ሳይቆርጡ መሸመን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ፍሬሓ ወይኑ ሥር አስቀምጣ የናና ሻይ ብትቀዳላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ ሐረጉን ስታይ ሻዩ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ።

ማኽሉፍ በሕይወት ሳለ በበዓለ ዳስ የሚበላበትን የቅጠል ዳስ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚጥለው እሱ ነበር። ከእሱ በኋላ ሁለት ዓመት ዳስ አልተጣለም። ፍሬሓ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ጉልበቷን ከልብስ ማስጫው ጋር እያጋጨች በላች። ስለዚህ ቴልማ፣ አንዲት ቀንበጥ ሳትቆርጥ ከዚህ ወይን የዳስ ጣሪያ ልሽመን፣ የመጀመሪያውን ቀን ራት ዳስ የሌለው ሁሉ ከሥሩ ይብላ ብትላት፣ ፍሬሓ ነገሩ ሳያልቅ እሺ አለች። ማኽሉፍ በየዓመቱ ዳሱን እዚያ ከውኃው ታንከር ጎን፣ ፀሐይ ላይ ወስዶ ይጥለው ነበር። እሷ ድስቱን ተሸክማ ስትመላለስ "ምናለ ኩሽናው በር ላይ፣ ወይኑ ሥር ብታደርገው?" ስትለው፣ መልሱ "ለከርሞ እናየዋለን" ነበር። በፍሬሓ ቤት ምክንያቱ ተርብ ነው፤ የወይን ፍሬ ምግብ ላይ እንዳይወድቅበት ነው። ወንዶች ዳስ ይጥላሉ፣ ሴቶች ያበስላሉ፣ ስለ ጣሪያው ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ሠላሳ ቀን ሙሉ ቴልማ መሰላል ላይ፣ ፍሬሓ መሰላሉን ይዛ ከታች። ቴልማ ሐረጉን በሐረግ እያሳለፈች የባሕር ሞገድ የመሰለ ሽመና ሠራች፤ ፍሬሓ ሕይወቷን ከጭነት መኪናው ጀምራ እስከ ዛሬ ተረከችላት። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አደነቀ። የመንደሩ አብዛኛው ሰው ወጣት ነው፣ የዳስን ሕግ የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ የሚያውቀውም ሌላ ሰው ጠይቋል ብሎ አለፈ። ረቢው ከጎረቤት ከተማ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ መጥቶ ከምኩራቡ ይመለሳል፤ በዓሉ ደግሞ ረቡዕ ማታ ይገባል። ሰኞ ዕለት የወረዳው መኪና የዘንባባ ዝንጣፊ ጭኖ ለየቤቱ ዳስ ሲያድል ከፍሬሓ በር ደረሰ። እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ሂድ ልጄ፣ የእኛ ጣሪያ ራሱ ይበቅላል" ብላ መለሰችው። ሹፌሩ ይህንን በየደጁ አወራው፤ እስከ ማታ ድረስ የመንደሩ ቀልድ ሆነ።

ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ነገር ደርሷል። ዓሣው በቀይ በርበሬና በሽምብራ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ዱባው በቀረፋ ተጠብሷል፣ ለአርባ ሰው ወንበር ተሰብስቧል። ዳስ የሌላቸው ሁሉ ተጠርተዋል፤ ጥበበኞቹ፣ መበለቶቹ፣ አዲስ የመጡት አስተማሪዎች። ያን ጊዜ ነው ፕሮስፔር ዳሐን በምርኩዙ እያነከሰ የገባው።

ፕሮስፔር የምኩራቡ መጋቢ ነው። የማኽሉፍ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ለአርባ ዓመት ምኩራብ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፍሬሓ እንደምትለው፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይሰማው ነበር። ሦስት ሳምንት ሐይፋ ሆስፒታል ጉልበቱን ሲታከም ከርሞ ጠዋት መመለሱ ነው። በበዓሉ የሚባረክበትን ትርንጎ በጥጥ ጠቅልሎ አምጥቶላታል። ትርንጎውን ሊሰጣት እጁን ዘርግቶ ሳለ ቀና አለ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። በምርኩዙ ጫፍ አንዱን ሐረግ ከጣሪያው ይዞ ተከተለው፤ ምርኩዙ በምሰሶው ወረደ፣ በኩሽናው ግድግዳ ዞረ፣ አፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ፍሬሓ፣" አለ፣ "ይኸ ጣሪያ ውኃ ይጠጣል?"

"ጠዋት አጠጥቼዋለሁ" አለች በኩራት።

"እሱ ነው እንግዲህ ችግሩ።"

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳት። የዳስ ክዳን ከምድር የበቀለ መሆን አለበት፤ ግን ከምድር የተለየ። ሥሩ አፈር ውስጥ ያለ ነገር ዛፍ ነው እንጂ ዳስ አይደለም። ከዛፍ ሥር መብላት ደግ ነገር ነው፣ ማንም አይከለክልም፤ የበዓሉ ትእዛዝ ግን አልተፈጸመም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድም ሐረጉ ይቆረጥና እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተነሥቶ እንደገና ይቀመጣል፤ አንድም ከሐረጉ የሚበልጥ ሌላ የተቆረጠ ነገር መጥቶ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ዓይን እስከማይለየው ድረስ ይቀላቀልበታል። ሁለተኛው እንደማይሆን ፕሮስፔር ራሱ ነው የተናገረው። የዘንባባው መኪና ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው፤ እንደ ሰማሁትም አንቺው ነሽ የመለስሽው አለ። የባሉጡን ጫካ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል፤ የፍሬ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ነውር ነው። ሻማ የሚበራው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል መንካት የለም።

ቴልማ ግማሹን በቋንቋ፣ ግማሹን ከሁለቱ ፊት ተረዳችው። ጣሪያዋን አየች፣ ፍሬሓን አየች፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ልጅ ሆና ዳስ የምታውቀው የአይሁድ ክበብ ግቢ ውስጥ በድንኳን ጨርቅና በወረቀት ፍራፍሬ ነበር፤ ጣሪያ ሥር ይኑረው አይኑረው ያስተማራት የለም። "እማማ ፍሬሓ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች።

ፍሬሓ ግን እሷን አልሰማችም። ፊቷን ወደ ውኃው ታንከር አዙራ እዚያ ፀሐይ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ትመለከታለች።

"ፕሮስፔር፣" አለች፣ "ማኽሉፍ ይህን ያውቅ ነበር?"

"እንዴት አያውቅም።"

"አርባ ሁለት ዓመት ድስት ተሸክሜ ስንከራተት እያየኝ? ተርብ ነው ብዬ ለሰው ሳወራ እየሰማ? ለምን አልነገረኝም?"

ፕሮስፔር ምርኩዙን በሁለት እጁ ጨብጦ አሰበበት። "አንድ ቀን እኔም ጠይቄው ነበር። ብነግራት፣ ድስቱ የከበዳት ዓመት መጥረቢያ ታነሣለች አለኝ።"

ፍሬሓ ሳቀች፤ እንባዋ በሳቁ መሃል መጣ። "አይ ማኽሉፍ" አለች። "እንዲህ አውቆኛል ለካ።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ትልቁን የቅርንጫፍ መቀስ ከምስማሩ አውርዳ ወደ መሰላሉ ሄደች። ሁለት ዓመት በሰው በረንዳ በልቻለሁ፣ አርባ ሰው ጠርቻለሁ፣ ዛሬ እንግዳዬን ከዛፍ ሥር አስቀምጬ ዳስ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ሙት ደግሞ ይቅር ይላል አለች። ቴልማ መሰላሉን ያዘች። ሠላሳ ቀን ፍሬሓ ይዛላት ነበር፤ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ስታለቅስ መሰላሉም አብሯት ተወዛወዘ።

"ልጄ፣ አንቺ ካለቀስሽ እኔ እወድቃለሁ" አለቻት ፍሬሓ ከላይ። "እጄ አንድ ጊዜ ተሰብሯል፣ ይበቃዋል።"

ግንዱ ሁለት የሚሆንበት አንገቱ ላይ ደረሰች። የማኽሉፍ ክንድ ያህል ወፍሯል። መቀሱን ከፈተች፣ ስለቱን አስጠጋች። ምን እንደምታደርግ ሳታውቀው፣ ጊዜ ለመግዛት ይመስላል፣ ቀና ብላ በጣሪያው ላይ አሻግራ አየች። ከዚያ ከፍታ የማድረቂያው ቤት ጓሮ ወለል ብሎ ይታያል። ጥበበኞቹ ለመዝጊያው ኤግዚቢሽን ሥራቸውን ያስቀመጡት እዚያ ነው። በመሬት ስትሄድ አጥሩ ስለሚጋርደው አስተውላው አታውቅም። ከላይ ስታየው ግን ክምር ነው፤ በአጥሩ ዙሪያ የተደገፈ የሸምበቆ ግንብ፣ የደረቀ ኮሸሽላ እንደ ተራራ፣ አውሎ ነፋስ የጣለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በየመጠኑ ተደርድሮ። ስድስት ሰዎች በአርባ ቀን ኮረብታውን ላጭተውታል።

"ፕሮስፔር፣" አለች ከላይ፣ "አንድ ነገር የተቆረጠ ነው ለመባል ለምን እንደተቆረጠ ይጠየቃል?"

"አይጠየቅም። ለምን?"

መቀሱን ዘጋችው።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ማድረቂያው ቤት ጓሮ ተሰበሰቡ። ፕሮስፔር ምርኩዙን ተደግፎ እንደ ዳኛ በመሃል ቆመ። ሸምበቆው ከፈረንሳይ፣ ከስትራስቡርግ የመጣው የቀራፂው የሬሚ ሥራ ነው። ሦስት መቶ አገዳ ከኮረብታው ግርጌ ካለው ወንዝ ዳር እየቆረጠ በትከሻው አምጥቶ፣ በክብ አቁሞ፣ ስሙን "ትንፋሽ" ብሎታል። ነገሩ ሲነገረው ፊቱ ነጭ ሆነ። ይህ ለዳስ ክዳን የሚጫን ነገር አይደለም፣ የአርባ ቀን ድካም ነው አለ። ፍሬሓ ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው። ምን እንዳለችው ሰው በሙሉ አልሰማም፤ ከመሃል ግን ማኽሉፍ፣ ትራክተር፣ የረጠበ ጆንያ የሚሉ ቃላት ተሰምተዋል። ሬሚ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነው። "ይሁን፣ ውሰዱት" አለ።

"ቆይ፣" አለ ፕሮስፔር፣ "ገና መች ተፈቀደና።"

ሌላ ሕግ ነበረው። ለዳስ ክዳን ዕቃ አይሆንም። ቅርጫት፣ ምንጣፍ፣ መሰላል፣ ሰው የሚገለገልበት ነገር ሁሉ፣ ከተክል ቢሠራም አይከደንበትም። ስለዚህ ሬሚን በቀጥታ ዓይኑን እያየ ጠየቀው።

"ይኸ ሥራህ ያገለግላል?"

"ሰውን ቆም ብሎ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል" አለ ሬሚ።

"እሱን አልጠየቅሁህም። ይቀመጡበታል? ይይዛል? ይቀዱበታል? አንድ ጥቅም ይሰጣል?"

ሬሚ ሥራውን አየው። ከስትራስቡርግ ጀምሮ በየማመልከቻው ላይ ሥራው ለዓለም ምን እንደሚያበረክት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ፍሬሓ ከፕሮስፔር ጀርባ ሆና ራሷን በኃይል ትወዘውዛለች።

"አይ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ምንም አይጠቅምም።"

"በእርግጥ?"

"በእርግጥ። አባቴም እንዲሁ ነው የሚለው።"

"እንግዲያ ተፈቅዷል" አለ ፕሮስፔር።

ከዚያ በኋላ ለከንቱነት ሽሚያ ሆነ። ኮሸሽላ የምትሰበስበው ኔታ፣ የሐይፋዋ፣ የእኔ ደግሞ ከእሱም የባሰ ነው፣ እሾሁ ስለሚወጋ ሰው አጠገቡ እንኳ አይቆምም ብላ ቀረበች፤ ተፈቀደላት። የባሕር ዛፉ ባለቤት ሥራው ገና ስላላለቀ ከንቱነቱ እርግጠኛ አይደለም ብሎ ሲያመነታ ፕሮስፔር ንግግሩን ሳያስጨርስ ፈቀደለት። ሁለቱ ሸክላ ሠሪዎች ግን ተመለሱ፤ ሸክላ ከአፈር እንጂ ከአፈር የበቀለ አይደለም፣ በዚያ ላይ ውኃ ይይዛል ተባሉ። ቅር አላቸው፤ ጥቂት ቆይተው ግን ለኔታ፣ ቢያንስ የእኛ ይጠቅማል ሲሏት ተሰሙ።

የሚከብደው የመጨረሻው ነበር። ክዳኑ ከሐረጉ በላይ መቀመጥ ብቻ አይበቃውም፤ እንዳይለይ መቀላቀል አለበት። ይህ ማለት የቴልማ ሞገድ፣ ሠላሳ ቀን የተሸመነው፣ ከሸምበቆና ከእሾህ በታች ይጠፋል ማለት ነው። ሬሚ የመጀመሪያውን አገዳ ተሸክሞ መሰላሉ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ሊጥለው አልደፈረም። ቴልማ ከእጁ ተቀበለችው፣ ወጣች፣ የሽመናውን መሃል በጣቷ ከፈተች፣ አገዳውን አሳልፋ ሰካችው።

"ሳይቆረጥ ልሠራ ነው የመጣሁት" አለች ወደ ፍሬሓ ዘወር ብላ። "አልተቆረጠም። አምጡ፣ ቀጣዩን።"

ፍሬሓ "እኔን ያስቀድመኝ ልጄ" አለችና ራሷ ሁለት አገዳ በትከሻዋ ተሸክማ ሰልፉ ውስጥ ገባች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያሳልፉ፣ ሲሰኩ፣ ሲወጉ ዋሉ። የኔታ ኮሸሽላ የሁሉንም እጅ አደማ። ፕሮስፔር ከታች ተቀምጦ በምርኩዙ ያመለክታል፤ እዚያ ወይኑ በዝቷል፣ እዚያ ይታያል፣ እዚያ ጨምሩ። በመጨረሻ ምርኩዙን አወረደ። ቀና ብሎ ቆየ። የቱ ወይን የቱ ሸምበቆ እንደሆነ መለየት አቃተው፤ ፀሐዩ በየቀዳዳው ነጠብጣብ ሆኖ ፊቱ ላይ ወርዷል።

"አሁን ዳስ ነው" አለ።

አርባው እንግዳ በሰዓቱ ደረሰ። ሻማው በራ፣ ቡራኬው ተባለ፣ ዜማው እንደ ልማዱ አልገጠመም፤ ፍሬሓ አስተካከለችው። ከኩሽናዋ እስከ ገበታው ስድስት እርምጃ ነው። ዓሣውን ይዛ ስትወጣ ስድስቱን ጮክ ብላ እየቆጠረች ሰዎቹን አሳቀቻቸው። አንዲት ኮሸሽላ ከጣሪያው ወርዳ የአንዱ አስተማሪ ሾርባ ውስጥ ገባች፤ ኔታ ይቅርታ ጠየቀች፣ አስተማሪው ግን ሥራዋን በቅርበት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው አላት።

ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ ከሸለቆው ነፋስ ተነሣ። ያን ጊዜ ጣሪያው ድምፅ አሰማ። ሦስት መቶው አገዳ፣ ቀጭኑ በቀጭኑ፣ ወፍራሙ በወፍራሙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያፏጭ ጀመር። ሬሚ ሹካውን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ሽቅብ አየ። ሥራው ጓሮ ውስጥ ቆሞ ሳለ አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ፕሮስፔር በዓይኑ ጥግ ተመለከተው። "ሰማህ? ያገለግላል እንዴ?"

"በፍጹም" አለ ሬሚ ቶሎ ብሎ። "ድንገት ነው።"

"ድንገት ነው" አለች ኔታ። "ድንገት ነው" አሉ ሸክላ ሠሪዎቹ ሳይቀሩ። ፕሮስፔር ጥቂት አሰላስሎ ወደ ዓሣው ተመለሰ።

እንግዶቹ የከርሞ ሰው ይበለን እየተባባሉ መነሣት ሲጀምሩ፣ ፍሬሓ ከቀትር በኋላ ራሷ የለቀመችውን የወይን ሳህን ፕሮስፔር ፊት አኖረች። የወዳጁ ወይን ነውና እምቢ ማለት አልቻለም። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ። ማኽሉፍ ፊቱን አይለውጥም ነበር፤ ፕሮስፔር ግን ማኽሉፍ አይደለምና አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። ቴልማ ውኃ ቀዳችለት። ከጠጣ በኋላ ምርኩዙን ይዞ ተነሣና፣ ፍሬሓን እንደ መጋቢም እንደ ወንድምም መከራት። ዘንድሮ ተርፈናል፣ በየዓመቱ ሸምበቆ የሚያመጣ ፈረንሳዊ አይገኝም፤ ለሚመጣው ዓመት ዳሱን እንደ ማኽሉፍ ከታንከሩ ጎን፣ ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቦታ ጣዪው አላት።

ፍሬሓ ባዶውን ድስት ብድግ አድርጋ በወገቧ ደገፈችው። የኩሽናውን በር አየች፣ ስድስቱን እርምጃ አየች፣ ታንከሩን በሩቁ አየች።

"ለከርሞ እናየዋለን" አለችው።